ነጭ ነው ብዬ የበጠበጥኩት

ሰኞ

ዝናቡ አበቃ። ግድግዳው መድረቅ ጀምሯል፤ ግድግዳ ሲደርቅ ደግሞ ሰው ሁሉ ቀለም ያምረዋል። የሱቃችን ወቅት ገባ ማለት ነው።

ይህን ደብተር የጀመርኩት ብሶቴን እስከ መጨረሻው የሚሰማኝ ሰው ስላጣሁ ነው። ባለቤቴን ሠፈሩ ሁሉ «ዳኛዋ» ይላታል፤ ገና ሁለተኛው ቃል ላይ ስደርስ ፍርዷን ሰጥታ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ሱቁን አብራኝ የምትሠራው ልጄ ደግሞ «እሺ አባዬ» ትላለች። «እሺ አባዬ» ማለት «አልሰማሁህም» ማለት እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

የዛሬው ብሶቴ እነሆ። ፋብሪካው ነጭ ቀለም መሥራት ረስቷል። የከፈትኩት ጣሳ ሁሉ ቢጫ ቢጫ ይላል። እኔ ባልኖር ይህ ከተማ ጉበቱን የታመመ ሰው ይመስል ነበር። ሰማያዊውን ጠብ ጠብ አደርግበትና ወደ ነጭነቱ እመልሰዋለሁ። ማን ያመሰግነኛል? ማንም።

ሥራዬ ቀለም መበጥበጥ ነው። ዕድሜ ልኬን የሠራሁት ይህንኑ ነው፤ ዳኛዋ ግን «ቀለም» የሚለውን ትዘልና ለሰው ሁሉ «ባሌ በጥባጭ ነው» ትላለች። ሌሎቹ ሱቆች ማሽን አላቸው፤ ቁልፉን ሲጫኑት የተባለውን ቀለም ለክቶ ያወጣል አሉ። እኔ ናሙና እንኳ አልጠይቅም። «የእርግብ ደረት ዓይነት ግራጫ» ይበሉኝ፣ እርግቧ ራሷ መጥታ ዘመዴ ነው ትላለች። ልጄ ማሽን እንግዛ ማለት ከጀመረች ሰነበተች። ዛሬም አለችኝ። ማሽኑ ያለው እዚህ ነው ብዬ ዓይኔን አሳየኋት። «እሺ አባዬ» አለች።

ረቡዕ

የምሥራች! መነጽሬን ሱቅ ረስቼ ቤት ገባሁ፤ ጋዜጣውን አነሣሁ፤ አነበብኩት! ያንን የጉንዳን እግር የሚያህል ፊደል፣ ያለ መነጽር! ለዳኛዋ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት፣ የጠፋ ውሻ ማስታወቂያ ሳይቀር።

«ዓይኔ ወደ ጉርምስናው ተመልሷል» አልኳት።

«እሰይ! ታዲያ ዛሬ ጠዋት ከመንገዱ ማዶ እጄን ሳወዛውዝልህ ለምን ዘጋኸኝ?»

«አላየሁሽም።»

«ቀይ ጃንጥላ ይዤ?»

ጃንጥላው ቀይ መሆኑን እጠራጠራለሁ። ለማንኛውም ነገ መነጽሬን መሳቢያ ውስጥ እቆልፍበታለሁ።

ዓርብ፣ በጥድፊያ

ረጅሙ ነገ ይሄዳል። ረጅሙ የምለው ጓደኛዬን ነው፤ ቤት ቀቢ ነው፤ እኔ እበጠብጣለሁ፣ እሱ ይቀባል፤ ሽበት ያወጣነው አብረን ነው። ልጁ ዘንድ ሰንብቶ፣ የልጅ ልጁን አቅፎ ይመለሳል። እስከዚያ የሚሠራ አንድ ዝምተኛ ቀቢ አምጥቶልኛል። ሲሰናበተኝ ጣሪያውን እያየ «እኔ እስክመለስ ነጭ ሥራ ባትቀበል ደስ ይለኛል» አለ። ለምን ስለው «እንዲሁ» አለኝ። ሰው ሲረዝም ሐሳብ እላይ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጅበታል። ደንበኛ መጣ።

እሑድ ማታ

የዘንድሮ አምፖልም እንደ ቀለሙ ነው። ሳሎኑ ጨለመብኝ ብዬ ተለቅ ያለ አምፖል ገዛሁ፤ አልበቃ አለኝና ሌላ ጨመርኩ። ዳኛዋ ሹራቧን ይዛ ተቀምጣ ነበር፤ ተነሥታ ሄደች። ስትመለስ የፀሐይ ባርኔጣዋን አድርጋለች። ሹራቧን ቀጠለች።

ውጭ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ማታ ወደ ቤት ስመጣ የመኪናው መብራት ሁሉ ፊቴ ላይ ይበተናል፤ የመንገዱ መብራት እያንዳንዱ ቀለበት አጥልቋል። መነጽሬ ቆሽሾ ነው ብዬ ልጠርገው እጄን ወደ ፊቴ ብሰድ መነጽር የለም፤ መሳቢያ ውስጥ ነው። ታዲያ የቆሸሸው ምንድን ነው?

ጸጉር አስተካካዩ ደግሞ በደጁ ሳልፍ እጄን ያዘኝ። «ዓይንህ ላፈር! ምን በድዬህ ነው ሰላምታ የከለከልከኝ?» አለኝ። ትናንትም ከትናንት ወዲያም እየጠራኝ አልፌዋለሁ አሉ። ኮርቷል ተብዬአለሁ በሠፈሩ። ደክሞኝ ነው እንጂ ዓይኔ ምንም አልሆነም፤ አልቀላም፣ አያሳክከኝም፣ አያመኝም። የማያም ዓይን ምን ሊሆን ይችላል?

ማክሰኞ

ትልቅ ሥራ! መምህርት መጡ። የከተማውን ግማሽ ፊደል ያስቆጠሩ ሰው ናቸው፣ ልጄንም ጭምር። አሁን ጡረታ ወጥተዋል፤ ክፍል በክፍል ሲያስገነቡት የኖሩት ቤት ተጠናቀቀላቸው። የቀሩት የውጭ ግድግዳው ቀለምና ቅዳሜ የሚመጡት የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ናቸው።

«ወተት ነጭ» አሉኝ። «የሆስፒታል ነጭ አይደለም፤ የወረቀት ነጭም አይደለም። ወተት። ሞቅ ያለ።»

«ከወተት ቢለይ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» አልኳቸው።

ልጄ ከጀርባዬ አሳላት። መምህርት እንደወጡ «ረጅሙን ብንጠብቅስ?» አለችኝ። እኔም «ረጅሙ የሚያውቀው ብሩሽ መያዝ ብቻ ነው» አልኩ። ስለ ጓደኛዬ እንዲህ ማለት አልነበረብኝም። ግን ለምን ሁሉም ሰው ነጭ ሲባል ረጅሙን ይጠራል?

ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ መበጥበጥ። ነጩ ከመቼውም የባሰ ቢጫ። ሰማያዊ ጨመርኩ። አሁንም ቢጫ። ጨመርኩ።

«አባዬ፣ አልበዛም?»

«አንቺ ጥርስ ሳታወጪ ጀምሬ ነው እኔ ነጭ የማወጣው!»

«እሺ አባዬ» አለች፤ ይህኛው «እሺ» ግን ሌላ ዓይነት ነበር። ዝምተኛው ቀቢ ጣሳውን ከፈተ፣ ቀለሙን አየ፣ እኔን አየ፣ ተሸክሞ ወጣ። ዳኛዋ ማታ «እጅህ እስከ ክርንህ ሰማያዊ ነው፤ ሂድ ታጠብ» አለችኝ። እኔ አላየሁም።

ቅዳሜ ቀን

መምህርት መጥተው ነበር። አሁን መጻፍ አልችልም።

ቅዳሜ ማታ

የጀመሩት ገና ከደጃፍ ነው፣ በዚያ ክፍል ሙሉ ተማሪ ጸጥ በሚያሰኝ ድምፃቸው።

«ጌታዬ፣ እኔ የጠየቅኩዎት ወተት ነው። የሰጡኝ ሰማይ ነው! ተማሪዎቼ ነጭ ቤት ፍለጋ በደጄ ሁለት ጊዜ አልፈው ሄዱ!»

«መምህርት፣ ነጭ ነው እኮ።»

«ይምጡና ይዩት!»

ልጄን አስከትለን ሄድን፤ ቤቱ ፊት ቆምን። እውነቱን እጽፋለሁ፦ እኔ ያየሁት ነጭ ቤት ነው። ሞቅ ያለ፣ ያማረ፣ የወተት ነጭ። እስካሁን ካወጣኋቸው ነጮች ሁሉ ይህ ይበልጣል ብዬ በልቤ ተደሰትኩ። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ነጭ ነው!» ብዬ በሰው ፊት ጮኽኩ።

በዚህ መሃል ፖስተኛው ብስክሌቱን አቆመ። «የሰማያዊው ቤት ባለቤት እርስዎ ነዎት?» አላቸው መምህርትን፤ «ዕቃ አለዎት። ጎረቤቶች ናቸው ሰማያዊው ቤት ብለው የላኩኝ።»

ፖስተኛው አስፈርሞ ሄደ። ልጄ ክንዴን ያዘችኝ። የመምህርት ቁጣ ከፊታቸው ላይ ሲጠፋ አየሁት፤ ቀረብ ብለው ዓይን ዓይኔን እያዩ «ከጀመረዎት ቆየ እንዴ?» አሉኝ በለስላሳ ድምፅ። ቁጣቸው ይሻለኝ ነበር።

ፀሐይዋ ናት አልኳቸው። ፀሐይዋ ትሆናለች።

እሑድ

ቁርስ ላይ ልጄ የቀለም ጣሳ ክዳኖች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። አንዱ ከፋብሪካ የመጣ ንጹሕ ነጭ፣ አንዱ ክሬም፣ አንዱ ለመምህርት የበጠበጥኩት ነው አለች። «የቱ የቱ ነው አባዬ?»

አየሁ። አነሣሁ። ወደ መስኮቱ ወሰድኩ። አሸተትኩ። ዳኛዋ «በአፍንጫህ ልትለያቸው ነው?» አለች። በመጨረሻ «ሁሉም አንድ ናቸው፤ ልታሞኙኝ ነው» አልኩ። ልጄ ወደ እናቷ ዞረች። ዳኛዋ ስኒዋን አስቀመጠች፤ ፍርድም አልሰጠች፣ አልቀለደችም። ያስፈራኝ እሱ ነው።

ልጻፈው እንግዲህ። እጄ የማንም ሰው እጅ ነው፤ መማሰያ እንጨት ማንም ያዞራል። ዓይኔ ነው እኔን እኔ ያደረገኝ። ሐኪም ቤት ሄጄ «አበቃለት» ቢሉኝስ? ካልሄድኩ የሚለኝ የለም። ካሉኝ ግን ማሽኑ ይገዛል፤ እኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ሰላምታ የምሰጥ ሽማግሌ እሆናለሁ፤ ለዚያውም ማን እንዳለፈ ሳልለይ። ፈርቻለሁ።

ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

ጸጉር አስተካካዩ ስለ እኔ ሰምቷል። ወሬ እንደሆነ የእኔ ቀለም ሳይደርቅ ሠፈሩን ያዳርሳል። እየላጨኝ «ሞራ ነው፤ አትንካው፤ እስኪበስል ነው የሚጠበቀው። አጎቴ እንዲህ ሆኖ ጠበቀ፣ ጠበቀ...» አለኝ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በሰው ተመርቶ ሐኪም ቤት ሄደ፤ ከመቆየቱ የተነሣ ሐኪሞቹ ራሳቸው ተቆጡት።»

ምላጩ አንገቴ ላይ ስለነበረ አልሳቅኩም። ለዳኛዋ ስነግራት «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ብላ ስልኩን አነሣች። ለነገ ቀጠሮ ይዛልኛለች። ይግባኝ የለውም።

ረቡዕ ማታ

ዶክተሯ የልጄ እኩያ ናት። ግድግዳው ላይ ያለውን ፊደል አስነበበችኝ፤ ከላይ ያለችውን ትልቋን አየሁ፣ ከሷ በታች ያለው ጉም ነው። ከዚያ በእጄ ጽሑፍ ሰጠችኝ። ይሄን ጊዜ ጠብቄ ነበር! ያለ መነጽር አንበለበልኩት፤ ጨርሼም ቀና ብዬ አየኋት።

ፈገግ አለች። «አባባ፣ ያለ መነጽር ማንበብ የጀመሩት መቼ ነው?»

«ዝናቡ ካበቃ ወዲህ። ዓይኔ እየታደሰ ነው።»

«እሱ ራሱ አንዱ ምልክት ነው። በዓይንዎ ውስጥ ያለው ሌንስ ሲደነድን ለጊዜው የቅርቡን ያጠራል፣ የሩቁን ይወስዳል። የቅርቡም ቢሆን አይቆይም።»

ጉርምስናዬ እዚያው ወንበር ላይ አለቀ።

ጠብታ አድርጋልኝ ብሌኔ እስኪሰፋ አስቀመጠችን፤ ኋላ በመሣሪያዋ አየችኝ። «የዓይን ሞራ ነው፣ በሁለቱም» አለች። ዓይኔ ላይ ምን ዓይነት ቆዳ እንደበቀለ ጠየቅኳት። «የበቀለ ነገር የለም። ሲፈጠር እንደ ውሃ የጠራው ሌንስ ነው የደፈረሰው። የእርስዎ ደግሞ ወደ ቢጫ፣ ወደ ቡናማ ሄዷል።»

«ቫርኒሽ!» ብዬ ከወንበሩ ተነሣሁ።

«ምን አሉኝ?»

አስረዳኋት። ቫርኒሽ ሲቀባ ቀለም የለውም፤ ሲያረጅ ቢጫ ይሆናል፤ ያኔ እንጨቱ ቢጫ ሆነ ይላል ሰው፤ እንጨቱ ግን ያው ነው። «እንደዚያው ነው» አለችኝ፤ «ይህን ለሌሎች በሽተኞቼ እነግራለሁ።» ዳኛዋ ግን ሳቋን መያዝ አቅቷት ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። «ስለዚህ ፋብሪካው ንጹሕ ነው» አለች። ለካ ቢጫው እኔ ነበርኩ! ያ ሁሉ ሰማያዊ! እኔም መሳቅ ጀመርኩ፤ ዶክተሯ ምን እንደያዘን አታውቅም፣ አብራን ሳቀች።

ስንረጋጋ እስኪበስል ልጠብቅ ወይ አልኳት።

«ፍሬ አይደለም አባባ። ድሮ እንዲያ ይባል ነበር። አሁን የምንጠይቀው ኑሮዎን ነው፤ ሥራዎን ካበላሸ፣ መንገድ መሻገር ካስፈራዎት፣ ሰው መለየት ካቃተዎት ጊዜው ደርሷል። እጅግ ሲቆይ እንዲያውም ማውጣቱ ይከብዳል። ጠብታም ቅባትም አያሟሟውም።»

«አላመመኝም እያለ ነው እኮ የሞገተን» አለች ዳኛዋ።

«ሞራ አያምም እናቴ፤ ሰውን የሚያዘናጋው እሱ ነው። በዚህ ዕድሜማ ባያምም መታየት ነው። ዓይን ድንገት ካመመ፣ ከቀላ፣ ወይም መጋረጃ እንደወረደበት በድንገት ከጨለመ ግን ያ ሌላ ነው፤ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት መሮጥ ነው።»

ዳኛዋ ሕግ እንደተነበበላት ራሷን ነቀነቀች። እኔ የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ቀለም እበጠብጣለሁ ወይ? ዶክተሯ አልዋሸችኝም። «የዓይንዎ ጀርባ ጤነኛ ነው፤ ተስፋዬ ትልቅ ነው። ግን መቶ በመቶ ብዬ አልምልልዎትም» አለች። የቀኙ ቀድሞ ይሠራል።

ሰኞ

ነገ ነው። ሱቁ ሄጄ ሁሉንም ጣሳ ነካካሁ። ቀዩን ለረጅም ጊዜ አየሁት። ልጄ «ምን ሆነሃል አባዬ?» ስትለኝ አቧራ እየጠረግኩ ነው አልኳት። ሄዳ ሌላ መጥረጊያ አምጥታ አጠገቤ መጥረግ ጀመረች። ጣሳዎቹ እንዲህ ንጹሕ ሆነው አያውቁም።

ማክሰኞ፣ ዳኛዋ እየጻፈችልኝ

ተሠራሁ። አንድ ዓይኔ ተሸፍኗል። አልተኛሁም ነበር፤ በጠብታ አደንዝዘው ነው የሠሩኝ። ስለት አላየሁም፤ ያየሁት ብርሃን ብቻ ነው፣ ሮዝ፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ ከዚያ ስም የሌለው አንድ ቀለም። «ዶክተር፣ ይህን በምን በጠበጣችሁት?» ብል «አባባ፣ እባክዎ አይናገሩ» አለችኝ። (ለመናገር እዚያም አላረፈም። — ዳኛዋ)

ረቡዕ

ዳኛዋ ብዙ እንዳልጽፍ ከልክላኛለች። መሸፈኛው ተነሣ። ሰማያዊ አለ! ዓለም ላይ ሰማያዊ አለ! የዶክተሯ ጋዋን ክሬም አይደለም፤ ነጭ ነው፤ ነጭ!

ሐሙስ ማታ

ትናንት ዳኛዋ ደብተሩን ስለወሰደችብኝ ዛሬ ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ነርሷ መሸፈኛውን ስታነሣው መጀመሪያ ውሃ ነው ያየሁት፣ ብርሃን የሞላው ውሃ። ቀስ ብሎ ጠራ። መስኮቱ ክፍት ነበር። ሰማዩን አየሁት። በጥባጭ ነኝ፣ ቀለም የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ ያንን ሰማያዊ ግን ረስቼው ነበር። መርሳቴንም አላውቅም። ዶክተሯ «ይታይዎታል?» ስትለኝ እንባዬ ወረደ፤ ዳኛዋ ደንግጣ «ምን ሆነ? ለምን ያለቅሳል? ማልቀስ ይፈቀዳል?» አለች። «ይፈቀዳል» አለች ዶክተሯ።

ከዚያ ዞሬ ዳኛዋን አየኋት። ጃንጥላዋ ቀይ ነው፤ ይግባኜን አንሥቻለሁ። ጸጉሯ የብር ነጭ ሆኗል፣ ያማረ። «መቼ ነው እንዲህ የሸበትሽው?» አልኳት። «አንተ አምፖል ስትገዛ» አለችኝ። ቤት ስንገባ ደግሞ የሳሎኑ አምፖል ዓይኔን ሊያወጣው ደረሰ፤ በገዛ እጄ አወረድኩት። ባርኔጣዋን ወደ ቦታው መለሰች።

የቀኙን ስሸፍን ዓለም ሻይ የተደፋበት ጨርቅ ነው። የግራውን ስሸፍን ታጥቦ የተሰጣ ነው። ሻይ፣ የታጠበ። ሻይ፣ የታጠበ። ዳኛዋ «ጥቅሻውን ተው፤ ጎረቤት ምን ይለኛል» አለች። እንዳልጎነበስ፣ ከባድ እንዳላነሣ፣ ዓይኔን እንዳላሽ፣ ጠብታዬን እንዳላሳልፍ ታዛለች። ሱቅ መግባት ገና ነው። ዋናው ጥያቄ ስለዚህ አልተመለሰም፤ ማየትና መበጥበጥ አንድ አይደሉም።

ማክሰኞ

ረጅሙ ተመልሷል! ሊጠይቀኝ መጣ። ፊቱን በቀኝ ዓይኔ ሳየው የሚያፍር እንደሚመስል ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ አልኩ።

«ሰማያዊውን ቤት አየሁት» አለ።

«ሁሉም አይቶታል። እኔ ብቻ ነኝ ያላየሁት።»

እግሩን አጣጠፈ፣ ዘረጋ። ከዚያ ተናዘዘ። ከአምና ጀምሮ የምሰጠው ነጭ እየጠቆረ፣ ወደ ሰማያዊ እየሄደ ነበር። እሱ ደግሞ ቢጫ በትንሽ ጠርሙስ ይዞ ይዞራል፤ ግድግዳው ሥር ሲደርስ ማንም ሳያየው ጨምሮ ያስተካክለዋል። ልጄም ታውቃለች። ዝምተኛው ቀቢ ግን የሰጡትን ነው የሚቀባ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይህ ነው!

ተቆጣሁ። «ስንት ወር ሙሉ ለምን አልነገርከኝም?»

«ነገርኩህ። አንድ ቀን ነጩ ሰማያዊ ሆነ ብልህ፣ አንተ ‹ጭንቅላትህ ከደመና ጋር ስለሆነ ነው› አልከኝ።»

ብዬዋለሁ። ትዝ ይለኛል፤ ጥሩ ቀልድ መስሎኝ ለሌሎችም ደግሜዋለሁ። «ፈራሁ» አለ ቀጥሎ፤ «ብነግርህ ሥራውን ትተወዋለህ ብዬ ፈራሁ። አንተ ከተውክ እኔስ ከማን ጋር እሠራለሁ?» ከዚያ በኋላ መቆጣት አልቻልኩም። ሁለታችንም አንድ ነገር ፈርተን፣ አንዱ ከአንዱ ስንደብቅ ሐኪም ዘንድ መሄጃውን ጊዜ በላነው። አቀፍኩት፤ እሱ ስላልጎነበሰ የደረሰኝ ሆዱ ነው።

ቅዳሜ

ተፈቀደልኝ፣ ሱቅ ገባሁ። የንባብ መነጽሬ ከመሳቢያው ወጥቷል፤ የሩቁን ሳገኝ የቅርቡን መልሼአለሁ። ልጄ ያልተሰየመ ክዳን ደርድራ ጠበቀችኝ። ነጭ፣ ክሬም፣ የዝሆን ጥርስ፣ የመምህርት። ሳልነካ፣ ሳላሸት፣ ከበሩ ላይ ቆሜ ጠራኋቸው። ከዚያ መማሰያውን አንሥቼ የእርግብ ደረቱን ግራጫ አወጣሁ። ረጅሙ ጠርሙሱን ከኪሱ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። «ከዚህኛው ሥራ ጡረታ ወጥቻለሁ» አለ።

እበጠብጣለሁ! አሁንም እበጠብጣለሁ!

ሰኞ

የመምህርትን ቤት እንደገና ልንቀባ እኔና ረጅሙ ወተት ነጭ ተሸክመን ሄድን። ቤቱን በደህናው ዓይን አሁን ነው ያየሁት። ሰማያዊ ነው፤ ሊካድ አይችልም። ግን አንድ ዓይነት ሰማያዊ አይደለም። እያንዳንዱን ጣሳ በየራሱ ስታገለው ስለዋልኩ ከበሩ ጀምሮ ወደ ጓሮው ቀስ እያለ ይለወጣል፤ እዚህ ወተት የነካው፣ እዚያ ሊነጋ ሲል ያለው ሰማይ።

መምህርት በሩ ላይ ቆመው «ብሩሹን ያስቀምጡ» አሉን። «ጠዋት አንድ ነው፣ ማታ ሌላ ነው። ለምጄዋለሁ፤ ከለመድኩት ደግሞ ወድጄዋለሁ። ተማሪዎቼም አሁን ሰማያዊው ቤት ብለው ነው የሚመጡት። ደግሞ ሦስት ጎረቤቶች ከየት እንዳመጣሁት ጠይቀውኛል።»

ረጅሙ መሰላሉ ላይ ተደግፎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ምክንያቱም ያንን ቀለም እንዴት እንዳወጣሁት አላውቅም።

ዓርብ

ሞከርኩ። ደህናው ዓይን እንቢ አለ። ትንሽ ሰማያዊ ጠብ ባደረግኩ ቁጥር «በቃ!» ይለኛል። የወጣው ደህና ሰማያዊ ነው፤ ያ ግን አይደለም። ጎረቤቶቹ አይተው «ቆንጆ ነው፣ ግን የመምህርቱ አይደለም» ብለው ሄዱ። ዕድሜ ልኬን ከሠራሁት ሁሉ ሰው ያልደረሰበት አንድ ቀለም በስሕተት የወጣው ነው። ስናደድ ውዬ የቀኝ ዓይኔን በእጄ ሸፈንኩና በግራው፣ በደፈረሰው፣ «ወተት ነጭ» ለማውጣት ታገልኩ። እጄን ሳነሣ ጣሳው ውስጥ ያ ሰማያዊ ተኝቶ አየሁት።

ሱቁ ጮኸ። ልጄ «አባዬ፣ የግራውን እንዳታስነካው! የገበያ ዓይናችን ነው!» አለች። እሷ ቀልዷን ነው። ደንበኞቹ ግን አልቀለዱም፤ ሳምንቱን ሙሉ አንድ ዓይኔን ይዤ ስበጠብጥ ሰነበትኩ። ዛሬ ማታ ዶክተሯ ደውላ የግራው የሚሠራበትን ቀን አስታወቀችን። እኔም፣ ይቅር ይበለኝ፣ «ትንሽ ቢቆይስ?» አልኩ።

ዳኛዋ ሹራቧን አስቀመጠች። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለች። «እኔ ያንተን ቀለም አይደለም የምፈልገው። ማታ መንገድ ስንሻገር እጄን እንደ ልጅ አጥብቀህ ትይዘኛለህ። እንደ ባል ያዘኝ።»

ሐሙስ ጠዋት

ዛሬ ከሰዓት የግራው ይሠራል።

ማልጄ ሱቅ ሄድኩ። መምህርት ለአጥራቸው በር የሚሆን ቀለም ጠይቀው ነበርና የቀኙን ሸፍኜ አንድ የመጨረሻ ጣሳ አወጣሁ። ወረፋ ለያዙት «ከእንግዲህ የለም» አልኳቸው። «ያንን የሚበጠብጠው ሰው ዛሬ ሥራ ይለቃል።» አንዱ ሰውዬ ቅር ብሎት «ማሽን አያወጣውም?» አለ። ልጄ ከባንኮኒው ጀርባ «አባቴ ራሱ አያወጣውም፤ ደግሞም እንዳያወጣው እንፈልጋለን» አለችው። በልጄ ኮራሁ፤ አሁን እዚህ ጻፍኩት፣ ለሷም እነግራታለሁ።

ባለፈው ጊዜ ጣሳ ስነካካ የዋልኩት ልሰናበታቸው ነበር። ዛሬ ምንም አልነካሁም። ስመለስ አገኛቸዋለሁ።

ዳኛዋ በሩ ላይ ጃንጥላዋን ይዛ እየጠራችኝ ነው። ማታ እጇን እይዛለሁ፣ ያለ ፍርሃት፣ እንዲያው ስለምወዳት ብቻ። መጣሁ ብያታለሁ፤ ሁለተኛ ከጠራችኝ ግን ፍርድ ይሰጣልና ልነሣ።